ውሃው ላይ ያደረው ስልባቦት

ይህ ታሪክ እኔው ላይ የደረሰ ነው። ከሰው ሰምቼው አይደለም፤ ፈጥሬውም አይደለም።

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ የዋሸሁት ያኔ ነው... ዛሬ የምነግራችሁም ስለዚያው ውሸት ነው።

ዓመቱ በፈረንጆቹ 2008፣ ወሩ ዲሴምበር፣ ቦታው ቴክሳስ፣ አርሊንግተን። ሰዓቱ ከቀኑ አስር ሰዓት። የምቆጥረው በሀበሻ ሰዓት ነው፤ እስካሁን አለቀቀኝም።

አስር ሰዓት ማለት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ምንጣፉ ላይ የምትተኛበት ሰዓት ነው። ታች ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር። አስፈሪ ነገር በጨለማ ብቻ ይመጣል የምትሉ ካላችሁ፣ እኔም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር።

ይሄን ሁሉ ዓመት ዝም ያልኩት ፈርቼ አይደለም።

አፍሬ ነው።

አይናዲስ እባላለሁ። በዲቪ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። የምኖረው ልዩ ከምትባል ልጅ ጋር ነው። ሁለት መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ ሁለተኛ ፎቅ። ልዩ እዚያው አርሊንግተን ነርሲንግ ትማራለች። እኔ ግራንድ ፕሬሪ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጋለሁ።

መኪና የለኝም። መንጃ ፈቃድም የለኝም። አርሊንግተን ደግሞ ያኔ አውቶቡስ የሚባል ነገር አልነበራትም።

ስለዚህ ጠዋት የምታደርሰኝ፣ ከሰዓት የምታመጣኝ ልዩ ናት። ተኝታ ማርፈድ ስትችል በአስራ ሁለት ሰዓት ትነሳለች። ዓይኗን እያሸች መኪናውን ታሞቃለች። አንድ ቀን እንኳ "ደከመኝ" ብላኝ አታውቅም።

ሳሎናችን ውስጥ፣ ከልዩ መኝታ ቤት በር አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ የመስታወት ገንዳ ነበረች። የክፍል ጓደኛዋ ከተማ ስትቀይር ትታላት የሄደች ናት። ውስጧ የባቄላ ፍሬ የሚያካክሉ ሃያ ቀያይ ሽሪምፖች፣ ብዙ እግር ያላቸው የውሃ ፍጡሮች አሉ። ልዩ እንደ ልጅ ትሳሳላቸዋለች። እኔ መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን "ይሄ ደግሞ ማንን ያጠግባል?" ብዬ ስቄባት ነበር።

የታንክስጊቪንግ በዓል ማግስት፣ ዓርብ ጠዋት፣ ስልኬ ጮኸ።

የልዩ ወንድም፣ ክፍሉ የሚባለው ነው። ከአዲስ አበባ። ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ደወለ።

"አይናዲስ... ብቻሽን ነሽ?"

"ብቻዬን ነኝ። ልዩ ላውንድሪ ወርዳለች።"

ሲተነፍስ ይሰማኛል።

"እማዬ አረፈች።"

ምን እንዳልኩት አላስታውስም።

"ለእሷ እንዳትነግሪያት። በስልክ አይሆንም። እዚያ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ይሰብሰቡና በወጉ ያርዷት። አደራ... አደራ አይናዲስ።"

መቼም የእኛን ወግ ታውቁታላችሁ። መርዶ እንደ ወሬ አይጣልም። ሰው ተሰባስቦ በማለዳ ሄዶ፣ ደግፎ ይዞ ነው የሚነገረው። እስከዚያ የሰማ ሁሉ አፉን ይዘጋል።

እያዳመጥኩት ዓይኔ ገንዳው ላይ ነበር። ውሃው ላይ አንድ ነገር ያብለጨልጫል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ወተት ላይ እንደሚጋገረው ስልባቦት፣ ስስ ነገር።

ትናንት አልነበረም።

በቤተ ክርስቲያን በኩል እንዲህ ያለውን ነገር የሚይዙልን ጋሽ ወልዴ ናቸው። ወዲያው ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ፈተና ላይ ናት። ፈተናዋን ትጨርስና ይነገራት።"

"ደግ ብለሻል ልጄ። መቼ ነው የምትጨርሰው?"

የፈተናው ፕሮግራም ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ፊት ለፊቴ ነው። የመጨረሻው ቀን ዲሴምበር ዘጠኝ ይላል።

"ሃያ" አልኳቸው።

ለምን? ልንገራችሁ። ዌርሃውሱ ውስጥ የዘጠና ቀን ሙከራ ላይ ነበርኩ። በዘጠናው ቀን ውስጥ ሁለት ቀን የቀረ ይባረራል። ዘጠና ቀኔ የሚሞላው ዲሴምበር አስራ ስድስት ነው። ልዩ እናቷ መሞታቸውን ከሰማች ወይ አገር ቤት ትሄዳለች፣ ወይ ለቅሶ ትቀመጣለች። እኔን ማን ያደርሰኛል?

በቃ፣ ይኸው ነው። የሰው እናት ሞት ለራይድ ብዬ ደበቅኩ።

ልዩ ልብሷን ተሸክማ እያፏጨች ገባች። ገንዳው ጋ ቆመች።

"አይኑ፣ ይሄን አየሽው? ላዩ ላይ ፊልም፣ ስስ ሽፋን ሠርቷል።"

"ምንድነው እሱ?"

"ማለቴ፣ ኖርማል ነው። ምግብ ሲበዛባቸው፣ ወይ ከኪችን ዘይት ሲተን ይመጣል። ግን ካልተጠረገ አየር አያስገባም። ታፍነው ያልቃሉ።"

"ታዲያ ምን ይደረጋል?"

"ፔፐር ታወል፣ የእጅ መጥረጊያውን ወረቀት ታስተኚበታለሽ። ትንሽ ትቆዪና በአንድ ጎን ቀስ ብለሽ ትጎትቺዋለሽ። ሎሽን በተቀባ እጅ ግን እንዳትነኪው፣ ፕሊስ።"

"አንቺ አጥኚ። እኔ እጠርገዋለሁ።"

አቀፈችኝ። "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር" አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

ጠረግኩት። ወረቀቱ ውሃው ላይ ተኛ፣ ራሰ፣ ሳብኩት፤ ስልባቦቱ ተከትሎት ወጣ። ውሃው ጥርት አለ። ደስ አለኝ። አንድ ነገር የከፈልኩላት መሰለኝ።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ... ወፍሮ።

በኩባያ ሞከርኩ። የኩባያውን አፍ ከውሃው ጋር ትክክል አድርጌ ስይዘው ላይ ላዩ እየተሳበ ይገባል። ሦስት ኩባያ ቀዳሁ። ጠራ። ማታ ተመለሰ።

ምግባቸውን ቀነስን። ልዩ የአየር ፓምፑን አጠነከረችው፤ አረፋው ከታች እየወጣ የውሃውን ፊት እንዲሰብረው።

አረፋው ወጣ። ግን አልፈነዳም። ስልባቦቱ ስር ተሰብስቦ ቀረ።

"ዊርድ ነው፤ ግራ ያጋባል" አለች ልዩ፣ እየሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ያወጣሁት ወረቀት እጄ ላይ ነበር። አሸተትኩት።

ቅቤ።

ለጋ ቅቤ፣ አደስ ያለበት። ለወጥ የሚሆነው አይደለም፤ ለራስ የሚቀቡት ነው።

የገና ጾም ገብቷል። ቤታችን ውስጥ የቅቤ ዘር አልነበረም።

ልዩ አንድ መለያ አስተምራኝ ነበር። "በስቴኪኒ ንኪው። ከተሰነጣጠቀ ባክቴሪያ ነው። ተመልሶ ከገጠመ ዘይት ነው።" ብቻዬን ስሆን ነካሁት።

አልተሰነጣጠቀም። አልገጠመም።

ስቴኪኒው የሄደበት መስመር እንደተቀረጸ ቀረ። ቆሜ ጠበቅኩ... መስመሩ አልጠፋም።

በማግስቱ ከሥራ ስንመለስ ስልባቦቱ ላይ አራት መስመሮች ነበሩ። ጎን ለጎን። ከእኔ ጣት ሰፋ ያሉ። ቅቤ ከሳህን በጣት ሲዛቅ የሚተወው ዓይነት።

"ልዩ... ገንዳውን ነክተሽዋል?"

"መቼ? አብረን አይደል እንዴ የገባነው?"

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ እያደር ከበደ። ልዩ ግን ቀን በቀን ፊቷ እየፈካ ሄደ። ፈተናዋን ጨረሰች። ጋሽ ወልዴ ሲደውሉልኝ "ገና ናት" አልኩ።

ፈተናው ባለቀ ማግስት፣ ከሥራ ስታመጣኝ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ፦

"እማዬ ደወለች" አለችኝ።

"መቼ?"

"ጠዋት። አድርሼሽ ስመለስ።"

"ምን... ምን አሉ?"

"የስልኩ ላይን ጥሩ አልነበረም። ድምጿ ይርቃል። ስላንቺ ጠየቀችኝ።"

"ስለ እኔ?"

"እ። 'ጓደኛሽ እያነሳች ትጥለዋለች። ተያት፣ እኔ ደግሜ አመጣለሁ' አለችኝ። ምኑን እንደሆነ አልገባኝም።"

"ስለ ገንዳው ነግረሻቸው ታውቂያለሽ?" አልኳት በሹክሹክታ።

አሰበች። "አይመስለኝም" አለች።

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። መኪናው ቀይ መብራት ላይ ቆሟል። ፊቷን ወደ እኔ አዙራለች። አፌን ከፈትኩ...

"ነገ ትንሽ ቀደም ብለን እንውጣ። ሚቲንግ አለኝ" አልኳት።

"ኦኬ" አለች።

ዓርብ፣ ዲሴምበር አስራ ሁለት። ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ወልዴ ደወሉ።

"ልጄ፣ ፈተናው ማክሰኞ አልቋል አሉኝ። እዚያው የሚማር ልጅ ነገረኝ።"

የምሳ ዕቃዬን ከደንኩት።

"ነገ በማለዳ እንመጣለን" አሉና ዘጉት። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እና ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? ስለ ልዩ አላሰብኩም። በጣቴ ቆጠርኩ። ቅዳሜ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ... ሦስት ቀን ቀረኝ። ሦስት ቀን!

ዘጠኝ ተኩል ላይ ልዩ መጥታ ወሰደችኝ። መኪናው ውስጥ ስገባ ያ ሽታ ተቀበለኝ። ፀጉሯ ያበራል።

"ቅቤ ተቀባሽ እንዴ?"

"እኔ? ከየት አምጥቼ?" አለችና ፀጉሯን ነካ አደረገች። ጣቶቿን አየቻቸው።

ቤት ስንገባ አስር ሰዓት ነው። ልዩ "ደክሞኛል" ብላ ክፍሏ ገባች። እኔ ወደ ገንዳው ሄድኩ።

ሃያዎቹም ሽሪምፖች ላይ ወጥተዋል። በጀርባቸው ተገልብጠው፣ ከስልባቦቱ ስር ተሰቅለው፣ በትንንሽ እጆቻቸው እየለቀሙ ይበሉታል። አንድ እንኳ ታች የቀረ የለም።

ወረቀቱን አስተኛሁበት። አልራሰም። ደረቁን ተኛ።

ጎተትኩት። ስልባቦቱ እንደ ጨርቅ አንድ ላይ ተነስቶ መጣ። ከሥሩ ውሃው ጥርት ያለ ነው። ሽታው ፊቴን መታኝ።

ያኔ ከልዩ ክፍል ድምፅ ሰማሁ።

ጭርር... ጭርር...

ማበጠሪያ ነው። ፀጉር ውስጥ የሚሄድ ማበጠሪያ።

በሩ ገርበብ ብሏል። አንድ እርምጃ ሄድኩ። ሌላ አንድ... አየሁ።

ልዩ መሬት ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ከኋላዋ የጥናት ወንበሯ አለ። ልጅ እናቷ ጉልበት መሃል ሆና እንደምትሠራው፣ አንገቷን ደፍታ ዓይኗን ጨፍናለች። ሁለቱም እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው።

ወንበሩ ባዶ ነው።

ፀጉሯ ግን ይከፈላል። ከግንባሯ ጀምሮ ወደ ማጅራቷ፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ ቀስ እያለ... ማንም ሳይነካው። ከዚያ ጭንቅላቷ በትንሹ ወደ ግራ ዘንበል አለ፤ ሰው በእጁ ይዞ እንደሚያዘነብለው።

"ልዩ" አልኩ። "ልዩ..."

ዓይኗን አልገለጠችም።

"እሽሽ... ልትጨርስ ነው።"

"ማን?"

መስመሩ መሃል ላይ ቆመ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ማን በሩ ላይ እንደቆመ ለማየት የሚዞር ሰው ያለበት ይመስል ነበር።

ፈራሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ። መፍራቱስ በኋላ መጣ። መጀመሪያ የመጣው እፍረት ነው። ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። በምን ፊቴ ቀና ብዬ ልያቸው? አስራ አራት ቀን ሙሉ ልጃቸውን እንዳታለቅስላቸው የከለከልኩ እኔ ነኝ።

በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ልብሴን እንደለበስኩ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነጋ።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ተነስቼ ሳሎን ስደርስ ልዩ ቀድማኝ ከፍታለች።

ጥቁር ለብሳለች። ነጠላዋን ለኀዘን እንደሚለበሰው አጣፍታዋለች። ፀጉሯ ሹሩባ ተሠርቷል፤ ጥንቅቅ ያለ ሹሩባ፣ ቅቤው ግንባሯ ላይ ወርዷል።

ጋሽ ወልዴና ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው እትዬ ሰርካዲስ፣ ከኋላቸውም አራት አምስት ሰው፣ ደረጃው ላይ ደርቀው ቀሩ።

"ግቡ" አለቻቸው። "ስጠብቃችሁ ነበር።"

"ልጄ..." ብለው ጀመሩ ጋሽ ወልዴ።

"አውቃለሁ ጋሼ። ዛሬ አስራ አምስት ቀኗ ነው።"

እትዬ ሰርካዲስ "ወይኔ ልጄን!" ብለው ደረታቸውን መቱ። ሰው ሁሉ አነባ። እኔም አለቀስኩ። ማንም ግን እኔን ደግፎ አልያዘኝም። ጋሽ ወልዴ አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ... ወዴት እንደምዞር ጠፋኝ።

ልዩ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ተነሳች። የመኪናዋን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

"አይኑ፣ ተነሺ። ሥራ ይረፍድብሻል።"

ለቅሶው ጸጥ አለ።

"ኧረ ልዩ... ዛሬማ አልሄድም።"

"ሦስት ቀን ነው የቀረሽ፣ አይደል?" አለችኝ። ቁጣ የለባትም። ድምጿ እንደወትሮው ለስላሳ ነው። "ሦስት ቀን ቀርቶሽ ባትቀሪ ይሻላል። ነይ።"

ስለ ዘጠናው ቀን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለማንም።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። እግሯ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። ግን ያን ሁሉ ዓይን መቻል አቃተኝ። ጃኬቴን አንስቼ ተከተልኳት።

የመኪናውን የፊት በር ልከፍት እጄን ሰደድኩ።

"ከኋላ ግቢ" አለችኝ።

ከኋላ ገባሁ። ሞተሩን አስነሳች። ከፊት፣ ከእሷ ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ዲንግ... ዲንግ... ዲንግ...

ቀበቶ ያላሠረ ሰው ሲቀመጥ የሚጮኸው ነው። ልዩ እጇን ዘርግታ የባዶውን ወንበር ቀበቶ ሳበችው፤ ሩቅ ድረስ። ከቀበቶው መንገድ ላይ አንድ የማይታይ ነገር በጣቷ ገለል አደረገች... ልብስ እንዳይቆነጠጥ እንደሚጠነቀቅ ሰው። አሠረችው።

ጩኸቱ ቆመ።

እስከ ግራንድ ፕሬሪ ዓይኔን ከቀበቶው አልነቀልኩም።

የዌርሃውሱ በር ላይ አቆመች። በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። ዓይኗ አብጧል።

"ስንት ሰዓት ልምጣልሽ?"

እንዲህ ነው ያለችኝ። በእናቷ መርዶ ቀን።

እኔም... ይቅር ይበለኝ... መለስኩላት።

"ዘጠኝ ተኩል" አልኩ።

ወረድኩ። ጥቂት ሄጄ ዞር አልኩ። መኪናው አልተንቀሳቀሰም። ልዩ ወደ ጎን ዞራ ግንባሯን ባዶው ወንበር ላይ ደፍታለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ያ የታሠረው ቀበቶ ደግሞ ከወንበሩ ርቆ ተወጥሯል። በቀስታ ወደ ፊት ይገፋል... ወደ ኋላ ይመለሳል... ደግሞ ይገፋል። እንደሚተነፍስ ሰው ደረት።

አንድ ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ገብቼ የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ ካርዴን መታሁ።